የበረንዳው ጆሮ

ደሜ፣ አካሌ፣

ከተለየኸኝ ዓመት ሊሞላ ጥቂት ቀርቶታል። እንዴት ነህ ብዬ አልጠይቅህም። ብትመልስልኝም «እውነቱን ነው ወይስ እንዳልጨነቅ ብሎ ነው» እያልኩ ሌላ ጭንቀት ውስጥ እገባለሁ። ያለህበት ጨለማ ነው ይላሉ። እሱስ ብዙ አያሰጋኝም፤ ጨለማውን እዚሁ ተለማምደህ ነው የሄድከው። የሚያሰጋኝ ዝም ያለ ቦታ መሆኑ ነው። አንተ ዝምታ አትችልም ነበር።

ይህን የምጽፍልህ ጅማ፣ መንደራ ቆጪ ሰፈር፣ የኛው በረንዳ ላይ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ከስፌት መኪናህ ኋላ ተቀምጬ ነው። በር ዘግቼ ብጽፍ «ምን እየጻፈች ይሆን» ይባላል። በአደባባይ የሚጻፍን ነገር ግን ማንም ልብ አይለውም። ሰው ብቅ ሲል የሱሪ እግር እጎትትበታለሁ። እንዲህ ስል ሳቅህ ይሰማኛል። «የሺ፣ ጠርጥር ከገንፎ መሃል አይጠፋም ስንጥር የተባለው ላንቺ ነው፤ አንቺ ግን ገንፎውን ትተሽ ስንጥሩን ትበያለሽ» ትለኝ ነበር።

የቤቱን ወሬ ላውጋህ። የልብስ ሰፊዎቹ ማኅበር ወንበርህን ለእኔ ሰጠኝ። ስብሰባ ተጠርቶ «የጓድ ደምሴ ባለቤት ስፌት ትችላለች» ተባለ፤ ሁሉም እጅ አወጣ። እጅ ሲያወጡ ግን ዓይናቸው የቀበሌው ሊቀመንበር ላይ ነበር፣ እኔ ላይ አልነበረም፤ ለምን እንደ ደገፉኝ እስከ ዛሬ እየመረመርኩ ነው። በስተጓዳ ያለው ቆርቆሮ አሁንም ያፈሳል። አቮካዶው ዘንድሮ ከልክ በላይ አፍርቶ ቅርንጫፉን ሰበረው። ከኅብረት ሱቅ የሚሰጡን ስኳር እርጥብ እርጥብ ይላል፤ ክብደት እንዲያነሳ ውሃ አርከፍክፈውበት ይሆናል ብዬ እንዳንተ በምላሴ ጫፍ እቀምሰዋለሁ። ውሃ ይሁን ዝናብ ምላስ አይለይም እንጂ።

መንገደኛው ግን አልተለወጠም። በረንዳችን ፊት ሲደርስ ወሬውን ይቆርጣል፣ ሁለት ቤት ካለፈ በኋላ ይቀጥላል። ከቀብርህ በኋላ ይቀራል ብዬ ነበር፤ አልቀረም። ወንበሩን ስወርስ ስሙንም አብሬ ወረስኩት መሰለኝ።

ደሜ፣ ለምን እንደምጽፍልህ በግልጽ ልንገርህ። ሙት ዓመትህን ከማውጣቴ በፊት፣ ሰው ጠርቼ በስምህ ከማብላቴ በፊት፣ አንድ ነገር ማወቅ ነበረብኝ። ጎረቤታችንን አባ ዱራን ያስያዝካቸው አንተ ነህ ወይስ አይደለህም? ይህን ጥያቄ ይዤ ዓመቱን ሙሉ ካንተ ጋር ስኖር ነው የከረምኩት። እያለቀስኩልህ እጠረጥርህ ነበር። ሁለቱ አብረው አይሄዱም የምትል ካለች ባል ሞቶባት አታውቅም።

ዓይንህ የሄደው ተሰናብቶ አይደለም። ከዳር ከዳሩ እየተቆነጠረ ነው ያለቀው። መጀመሪያ ከየቡ ከተማ ቅቤ ይዛ የምትመጣውን ሴትዮ ቅል በትከሻህ ገጭተህ ጣልክባት፤ እኔ ሰክረሃል ብዬ አፍህን አሸተትኩ። ቀጥሎ ሰው ከጎንህ ሰላም ሲልህ አልፈኸው መሄድ ጀመርክ፤ እኔ ተጣልታችኋል ብዬ የተጣላህበትን ምክንያት ስፈልግ ሰነበትኩ። ሆስፒታል ስንሄድ ሐኪሙ የዓይን ሞራ ቢሆን ኖሮ ይገፈፍ ነበር፤ ይህ ግን ውስጥ ለውስጥ የሚጨርስ ነው፤ የሄደው አይመለስም አለን። ስንመለስ መንገድ ላይ እጄን ይዘህ «የሺ፣ ዓለምን በመርፌ ቀዳዳ እያየሁ ነው። ክሩ ሲገባ እሱም ይዘጋል» አልከኝ። ያን ቀን ያለቀስኩትን ያህል በቀብርህም አላለቀስኩም።

ያን ጊዜ ነው ለማንም እንዳንናገር የተማማልነው። ያቺ መኪና ባንተ ላብ የተገዛች ብትሆንም ማኅበር ስትገቡ የማኅበሩ ሆናለች። መስፋት ያቃተው አባል መኪናውን አስረክቦ ይውጣ የሚል ደንብ አለ። ዕውር ነኝ ያልክ ቀን ከመኪናዋ መነሳትህ ነው። ያለሷ ደግሞ ሌላ ምን ነበረን? ልጅ እንኳ አልሰጠንም።

እናም አንተ ሌላ ዓይን ማብቀል ጀመርክ። ጨርቁን ጆሮህ ሥር አስጠግተህ በሁለት ጣት ታሸዋለህ። ተትረን ሲጢጥ ይላል፣ ካኪ ይንኮሻኮሻል፣ አቡጀዲ ድምፅ የለውም ትለኝ ነበር። እኔ አላምንህም፤ ከኋላህ ሆኜ ቁራጭ እያቀያየርኩ ፈተንኩህ፤ አንዱንም አልሳትክም። ዝናብ ከጅሬን ኮረብታ በኩል ሲነሳ ሰማዩ ገና ሰማያዊ ሆኖ አንተ «ልብሱን አስገቢ» ትላለህ። ሰውን በጫማው፣ በሳሉ፣ በሳሙናው ለየኸው። የቀበሌው ሊቀመንበር ሳይደርስ የጫማው ቅባት ሽታ ቀድሞት ይደርስ ነበር፤ አንተም ገና ከሩቁ ወገብህን ታቀናለህ።

ቀለም ብቻ አሸነፈህ። ቀለም ድምፅም ሽታም የለውም። ክሮቹን እኔ በየቆርቆሮው አስቀምጥልሃለሁ፤ ጥቁሩ በወተት ጣሳ፣ ካኪው በሰርዲን፣ ቀዩ ክዳን በሌለው። ድመቷ ያን ሁሉ ገልብጣ የበተነችው ዕለት ከገበያ ስመለስ የአብዮት ጥበቃዎቹን ሱሪ ከላይ እስከ ታች በቀይ ክር ሰፍተህ ጨርሰሃል። ለመፍታት ጊዜ አልነበረም፤ ሊወስዱ በር ላይ ቆመዋል። ሊቀመንበሩ ሱሪውን ወደ ብርሃን አንስቶ አየና ጓድ ደምሴ የአብዮቱን ቀለም በክር ገልጾታል ብሎ አጨበጨበ። አንተ ምን እንደ ሠራህ ሳታውቅ ከወንበርህ ብድግ ብለህ «ለአብዮቱ ያንሳል እንጂ አይበዛም» አልክ። ማታ ስነግርህ ትራስ አፍህ ላይ ደፍተህ ነው የሳቅከው፣ ጎረቤት እንዳይሰማ።

ጎረቤት ግን የሰማው ሌላ ነው። ከዚያን ቀን ወዲህ «የሊቀመንበሩ ሰው» ተባልክ። ከመንገድ ሆኜ አንተን አንድ ቀን አየሁህ፤ የሌላ ሚስት ብሆን ምን እል ነበር ብዬ አየሁህ። አንድ ሰው በረንዳ ላይ ተቀምጧል። እጁ ይሰፋል፣ ዓይኑ ግን ሥራው ላይ አይደለም። አንገቱን ወደ መንገዱ ዘንበል አድርጓል። ሁለት ሰዎች ሲያወሩ ቢሰማ መኪናውን ያቆማል። ሰው ሰላም ሲለው ፊቱን አያይም፣ አፉን ለመስማት ጠጋ ይላል። በዚህ ዘመን እንዲህ ያለ ሰው ስሙ አንድ ነው፣ ጆሮ ጠቢ። እኔም ባላውቅህ ኖሮ ከዚህ ሌላ ስም አላወጣልህም ነበር።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ የሚሉህን ሁሉም ሰምቶ አንተ ብቻ አልሰማህም። የሰማኸው ዝምታውን ነው። በረንዳው አካባቢ ድምፅ ሲጠፋ አንተ መንገዱ ባዶ የሆነ መሰለህ። «ሰው ሁሉ የት ሄደ? በሽታ ገባ እንዴ?» ብለህ ስትጠይቀኝ መንገዱ ላይ የገበያ ቀን ሰው ይተራመስ ነበር። ገበያ እየሄዱ ነው አልኩህ። እነሱ ፈርተው ዝም ባሉ ቁጥር አንተ ሰው ፍለጋ ይበልጥ አንገትህን ታዘነብላለህ፤ አንተ ባዘነበልክ ቁጥር እነሱ ይበልጥ ዝም ይላሉ። ይህን እያየሁ አፌን መያዝ ነበረብኝ።

አሁን ወደ ትራሱ ልምጣ። ከአዴ ኑሪያ ጋር፣ ከአባ ዱራ ባለቤት፣ ከአጥሩ ማዶ ካለችው ጋር፣ እንደ እህት ነበር የምንተያየው። በአማርኛዋ እንስቅባታለን፣ በኦሮምኛዬ ትስቅብኛለች። እኔ ረጅሙን አሳጥሬ አጭሩን አስረዝሜ ሰው አስቃለሁ፤ እሷ ደግሞ «ነ»ን እና «ና»ን፣ «ከ»ን እና «ካ»ን አትለይም። አዲስ አበባ ያገባች ልጇ ታማ በነበረ ጊዜ «ልጄ ካሰች» ብላ ስታለቅስ አንተ «ማንን ነው የካሰችው?» ብለህ በዕንባዋ መሃል አሳቅካት። መክሳቷን ልትነግረን ነበር።

ይቺው ልጅ ወለደች። አባ ዱራ ለአራስ ልጃቸው የሚወስዱት ነገር ከገዛ ጓሯቸው የተለቀመ ቡና እንጂ ሌላ ምን አላቸው? ቡና ግን በኬላ አያልፍም። የመንግሥት ነው፤ የያዘ ሰው አሻጥረኛ ይባላል። ስለዚህ አዴ ኑሪያ ጥሬ ቡናውን በጥጥ ሸፍና ትራስ አደረገችው፤ ትራሱን እንድትገጥምላት ወዳንተ አመጣችው። እኔ ወንዝ ወርጄ ነበር። ስመለስም አልነገርከኝም። «ያላወቅሽውን አትጠየቂም» የምትለው ነገር ነበረህ፤ እኔ ግን የደበቅከኝን ሳውቅ የመጣብኝ ሌላ ምን ደብቆኛል የሚል ነው።

አባ ዱራ ኬላው ላይ ተያዙ። ወሬው ጅማ በደረሰ ማግስት አዴ ኑሪያ ነጠላ እንኳ ሳትደርብ በረንዳችን ላይ መጥታ ቆመች። እስከዚያ ቀን አንቱ ነበር የምትልህ። ሰው ሁሉ እየሰማ «ይነገራል ብለህ ነበር። ይኸው ተነገረ» አለችህና ተመልሳ ሄደች።

አንድ ቃል አልመለስክላትም። እኔ ከበሩ ሥር ቆሜ እጅህን አየሁት፤ ጨርቁን ጨብጦ ቀርቷል። ማታ ጎንህ ተቀምጬ፣ ይህቺ ሴት የምትለውን ብለሃታል ወይ ብዬ ጠየቅኩህ።

«ብያታለሁ» አልከኝ።

እንዲህ በቀላሉ። «ታዲያ አንተ ነሃ?» አልኩህ።

«አንቺም?» አልክና ወደ ግድግዳው ዞርክ።

ከዚያ በኋላ ስለዚህ ነገር አልተናገርክም። እኔም ደግሜ አልጠየቅኩህም፤ መልሱን ፈርቼ ነበር። ክረምቱ አልፎ ደረትህን ሲይዝህ፣ ሐኪሙ ሲመላለስ፣ ቄሱ ሲመጣ፣ ሁሌ ዛሬ ይነግረኛል እያልኩ አፍ አፍህን ሳይ ኖሬ ሄድክብኝ። ዕድርተኛው መጣ፣ ድንኳን ተከለ፣ እንደ ደንቡ ተቀመጠ። አዴ ኑሪያም መጣች። ከአጥር ማዶ ሆና አለመምጣት ነውር ስለሆነ መጣች፤ አላለቀሰችም። እኔ ሬሳህ ላይ ወድቄ እንኳ ማን ያለቅሳል፣ ማን ያስመስላል እያልኩ ፊት ስመረምር ነበር።

ባለፈው ወር ነው፤ ዓርብ፣ ከሶላት መልስ። ቁጭ ብዬ እየሰፋሁ በረንዳው ላይ አንድ ሰው መጥቶ ቆመ። ቀና ስል አባ ዱራ ናቸው። ከስተው፣ የፊት ጥርሳቸው ወልቆ፣ ኮታቸው ከሰውነታቸው ተለይቶ። የመጀመሪያው ሐሳቤ ምን እንደ ነበር ልንገርህ? ያለ ጊዜያቸው ነው የፈቷቸው፤ ምን ብለው ፈረሙ?

«ደምሴ የታለ?» አሉኝ።

አለመስማታቸውን አየሁ፤ አዴ ኑሪያ በተፈቱ ማግስት መርዶ አይሁንባቸው ብላ ደብቃቸው ኖሯል። አረፈ አልኳቸው። «ኢና ሊላሂ» ብለው በረንዳው ጠርዝ ላይ ተቀመጡ፤ ወንበር እስካመጣላቸው አልጠበቁም። ከዚያ ሊነግሩህ የመጡትን ለእኔ ነገሩኝ። ኬላው ላይ አውቶቡሱን ሁሉ ፈትሸው ምንም አላገኙም። ትራሱንም ዳብሰውት አልፈዋል። መጨረሻ ላይ አንደኛው ፈታሽ ድካም ጥሎት አጠገባቸው ካለው ባዶ መቀመጫ ላይ ዘፍ አለ፤ አባት፣ ትራስዎን አንድ ጊዜ ብሎ ራሱን ጣል አደረገበት። ጆሮው ከትራሱ ላይ ባረፈ በቅጽበት ዓይኑን ገለጠ። ደግሞ ተጫነው። ቢላዋ አምጡ አለ።

ማንም እንዳልጠቆመባቸው ምለው ነገሩኝ። ባለቤታቸው እስር ቤት እየሄደች ስትጠይቃቸው በወታደር ፊት ስለ ትራስ ማውራት ስለማይቻል ነው እንጂ ያን ጊዜውኑ ይነግሯት ነበር። አንተ ላይ ስም መለጠፉን የሰሙትም ከተፈቱ ወዲያ፣ እቤት በገቡ ማታ ነው። ሰምተው ማደር አቃታቸው።

እኔ አመስግኜ ሸኘኋቸው። አላመንኳቸውም። በጓሮ በር ገብቼ አንድ በአንድ አሰላሰልኩት። የሟች ቤተሰብ እንዳያዝን ብለው ይሆን? ወይስ እኔ አፌን ስከፍት ለማየት ልከዋቸው ይሆን? ደግሞ ቢሆንስ፣ ለምን «ይነገራል» አልክ? አዴ ኑሪያም እኮ ባሏ የነገራትን ሁሉ ሰምታ፣ በአጥሩ ቀዳዳ የነገረችኝ ይህንኑ ነው። አንድ ሰው ጠቁሞ ሊሆን ይችላል፣ ላይሆንም ይችላል፤ ይነገራል ማለቱን ግን በጆሮዬ ሰምቻለሁ አለችኝ። አንተ ራስህ «ብያታለሁ» ማለትህን ግን አታውቅም። እሱን ያወቅኩት እኔ ብቻ ነኝ፤ ሆዴ ውስጥ ቀብሬዋለሁ።

በማግስቱ ሰው ሥራ በገባበት ሰዓት ጓሮ ካለችው ቡና የለቀምኩትን አወጣሁ። ከእኛው ፍራሽ ጥጥ መዘዝኩ። ቡናውን መሃል አድርጌ፣ በጥጥ ሸፍኜ፣ በመኪናህ ገጥሜ ትራስ ሠራሁት። በዓይን ሳየው ትራስ ነው። በእጄ ብዳብሰው ለስላሳ ነው። ተቀመጥኩበት፤ ዝም አለ። ይኸው፣ አባ ዱራ ዋሹ አልኩ። ደስ አለኝ ልበል? አዎ፣ መጠርጠሬ ልክ በመሆኑ ትንሽ ደስ ብሎኝ ነበር፤ ወዲያው አንተ ትዝ አልከኝና ደስታው ሬት ሆነብኝ።

ከዚያ ዓይኔን ጨፈንኩ። ለምን እንደሆነ አላውቅም፤ ወንበርህ ላይ ስለ ነበርኩ ይሆናል። ትራሱን እንደ ጨርቁ ወደ ጆሮዬ አስጠግቼ በሁለት መዳፌ ጫን አልኩት።

ደሜ፣ ተናገረ። ቀስ ብሎ፣ ከጥጡ ሥር፣ ኩርሽምሽም አለ። ዓይን ያላየውን፣ እጅ ያልዳበሰውን ጆሮ ሰማው። ያለ ሐሳብ ከአፌ አንድ ቃል ወጣ።

«ይናገራል።»

ቃሉን የሰማሁት ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው። እንደ ገና አልኩት። ይናገራል። ከዚያ የአዴ ኑሪያን፣ ይነገራል። አንዲት ፊደል። አንዲት ፊደል ደሜ፣ «ና» የነበረች «ነ» ሆና። አንተ ትራሱን ጆሮህ ላይ ይዘህ ይሄ ነገር ይናገራል፣ ድምፅ አለው፣ ያስይዛችኋል ልትላት ነው። ፊትህ ግን ወደ ትራሱ አልነበረም፤ ፊትህ ሁልጊዜ ወደ መንገዱ ነበር፣ ወደ ቀበሌው በኩል። እሷ ያየችው ወደ ቀበሌ የዞረ ፊት ነው፤ የሰማችው ይነገራል የሚል ዛቻ ነው። ትራሱን ነጥቃህ ሄደች። አንተም ልትጨርስላት ከፍ ብለህ ልትጠራት አትችልም፤ በቀትር፣ በመንገድ ላይ፣ ስለ ቡና።

እሷ ተመልሳ መጥታ ስትከስህ ደግሞ፣ ያ ሰውን በሳሉ የሚለየው ጆሮህ የሷን «ነ» እንደ ለመደው «ና» አድርጎ ሰማው። የገዛ ቃልህን የመለሰችልህ መሰለህ። ለዚህ ነው ብያታለሁ ያልከኝ። በሰው ፊት መልስ ብትሰጥ ትራሱን መስፋትህን ማመንህ ነው፤ ለእኔ ስትመልስ ግን ምንም የምትደብቀው አልነበረህም። እውነቱን ነገርከኝ፣ እኔ ሌላ ሰማሁ።

ተቀምጬ አለቀስኩ። እንባዬን ሳልጠርግ ግን ተነሳሁ፤ ታውቀኛለህ፣ በራሴ ግኝት ብቻ አላምንም። አዴ ኑሪያን በአጥሩ ጠራኋትና በረንዳው ላይ አስቀመጥኳት። ወንበርህ ላይ ተቀመጥኩ፣ ትራሱን ያዝኩ፣ ፊቴን ወደ መንገዱ አዞርኩ፣ እንዳንተ በለሆሳስ ቃሉን አልኩት። ምን አልኩሽ ብዬ ጠየቅኳት።

«ይነገራል አልሽ» አለች። ፊቷ ተለዋወጠ። አንቺም እንደ ባልሽ ልትዝቺብኝ ነው ጠርተሽ ያመጣሽኝ የምትል መሰለች።

ራሷን ጎንበስ አድርጌ ጆሮዋን ከትራሱ ላይ አሳረፍኩና ተጫንኩት። ቆየች። ቀና ስትል አማርኛው ጠፋባት።

«ኒ ዱበታ» አለች፤ ይናገራል ማለቷ ነው። «ያ ረቢ፣ ኒ ዱበታ ነው ያለኝ?»

አዎ አልኳት። ከዚያ ያን ሁሉ ዓመት የተማማልንበትን ነገር፣ ዓይንህን ነገርኳት። ወዴት እንደ ዞርክ እንኳ አታይም ነበር አልኳት። የቅቤውን ቅል፣ ቀዩን ክር፣ አንገትህን ለምን እንደምታዘነብል፣ ሁሉንም። ሻሿን አፏ ላይ አድርጋ ሰማችኝ። ሲበቃት ተነስታ ወንበርህን በእጇ ዳበሰችው፣ መቀመጫውንም መደገፊያውንም። ያን ቀን ያለቀሰችው የማስመሰል አልነበረም። ይህን ብቻ ሳልመረምር አመንኩ።

ለአዴ ኑሪያ የተነገረ ነገር ማታውን ጅሬን ይደርሳል። ማኅበሩም እንደሚሰማ አውቃለሁ። ዕውር ሆኖ ሳለ ደብቃችኋል ብለው መኪናዋን ሊወስዱብኝ ይችላሉ። ሊቀመንበሩ ትናንት ሲያልፍ በረንዳው ፊት ቆም ብሎ አብሮት ያለውን የአብዮት ጥበቃ ሱሪ፣ ያንን ቀይ ስፌት፣ ጎንበስ ብሎ አየና ሄደ። ምን እያሰበ እንደ ነበር አላወቅኩም። ይውሰዷት እንግዲህ። ስምህን ከምትሸፍን መኪና ያለ መኪና ስምህን ብይዝ ይሻለኛል።

ሙት ዓመትህን እሑድ አወጣለሁ። አባ ዱራ ለሙስሊሙ የሚሆነውን በሬ ራሳቸው አሳርደው እንደሚያመጡ ልከውብኛል። ዕዳ ለመክፈል ነው ወይስ ከልባቸው ነው እያልኩ ትንሽ ተብሰለሰልኩ፤ ከዚያ ተውኩት። አንተ ብትኖር ገንፎውን ብዪ ትለኝ ነበር።

እንዳልረሳህ ቃል እሰጥሃለሁ። ፎቶህን ግን አላይም፤ ፎቶህ ላይ ያለው ሰው ወደ ጎን ነው የሚያየው፣ ሰው ያሳስታል። በየጠዋቱ ሥራ ከመጀመሬ በፊት ወንበርህ ላይ ዓይኔን ጨፍኜ እቀመጣለሁ፤ የሚያልፈውን ሁሉ በስሙ እነግርሃለሁ። ገና አልቻልኩበትም። የቅቤ ሻጯንና የአስተማሪውን ሚስት ጫማ አምታታለሁ። እለምደዋለሁ።

አሁን እንኳ እየጻፍኩ ሰው እየመጣ ነው። ሱሪውን ደብዳቤው ላይ ልጎትት ብዬ ተውኩት። ዓይኔን ጨፈንኩ። እግሩ ይጎተታል፣ አንዱ ከሌላው ይከብዳል፤ እስር ቤት የቆየ ሰው እርምጃ ነው። በረንዳው ፊት ሲደርስ ቆመ። ወሬያቸውን እንደሚቆርጡት እንደ ሌሎቹ ሊያልፍ ነው ብዬ ጠበቅኩ። ጉሮሮውን ጠረገ። እኔን አይደለም የጠራው፤ ድምፁን ወደ ወንበሩ አድርጎ፣ መንገዱ ሁሉ እየሰማ፣ ጮክ ብሎ ተናገረ።

«ደምሴ፣ አባ ዱራ ነኝ። እያለፍኩ ነው።»